ዙር፣ ዑደትና ሰርኪት፦ አንድ ቃል በስፖርትና በቴክኖሎጂ ትምህርት ስለሚይዛቸው ፍቺዎች የቀረበ ሒስ

መግቢያ

አንድ የውጭ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ትክክለኛ ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ እንዳለው አስቀድሞ ስለሚቀበል፣ መልሱም ከመነሻው ጎደሎ ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ከሚሆኑት ቃላት አንዱ «ሰርኪት» ነው። ይህ ቃል በሳይንስ ትምህርት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን መንገድ፣ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በተራ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎችን፣ በስፖርት ዜና ከከተማ ወደ ከተማ የሚሸጋገሩ ውድድሮችን፣ በአንዳንድ አገሮች የትምህርት አስተዳደር ደግሞ አንድ ሱፐርቫይዘር እየተዘዋወረ የሚከታተላቸውን ትምህርት ቤቶች ያመለክታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ የአማርኛ ቃል ለመሸፈን የሚደረገው ሙከራ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳጎደለ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ጉዳዩ ለቃላት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በስማዳ ዋና ከተማ በወገዳ ወይም በጋይንትና በእስቴ የገጠር ቀበሌዎች የሚያስተምር መምህር ሽቦ፣ አምፖልና ባትሪ በእጁ ባልገባ ጊዜ የሚቀረው የማስተማሪያ መሣሪያ ቃል ነው። ቃሉ ትክክል ከሆነ ተማሪው ያላየውን ነገር በሐሳቡ ሊሥል ይችላል፤ ቃሉ ካሳሳተ ግን የሚያርመው ሌላ ምስክር በክፍሉ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ለስያሜ የሚደረገው ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት ነው።

ሀ. የቃሉ ሥረ መሠረት

«ሰርኪት» ከላቲን የመጣ ሲሆን ዙሪያውን መሄድ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን፣ ዳኞች ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየተዘዋወሩ ሲፈርዱ የተከተሉት መሥመር በዚህ ስም ተጠራ። የኤሌክትሪክ ምርምር በተስፋፋበት ጊዜ፣ ይልቁንም ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የማያቋርጥ ኮረንቲ የሚሰጠውን ባትሪ ካስታወቀ በኋላ፣ ቃሉ ከምንጩ ወጥቶ ወደ ምንጩ የሚመለሰውን የኮረንቲ መንገድ ለማመልከት ዋለ። ወደ ስፖርት የገባውም በዚሁ የመዞር ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፍቺዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም ተናጋሪው የጋራ ግንዳቸውን ያያል።

በአማርኛ ሁኔታው ሌላ ነው። ለመዞር የሚያገለግሉ ሁለት የቃል ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው ከግዕዙ «ዖደ» የሚወለደው ነው፤ ዐውድ፣ ዐውድማ፣ ዐውደ ዓመትና ዑደት ከዚህ ይወጣሉ። ሁለተኛው «ዞረ» ከሚለው ግሥ የሚረባው ነው፤ ዙር፣ ዙሪያ፣ ዘዋሪ፣ ተዘዋዋሪና መዘውር በዚህ ሥር ይመደባሉ። የመጀመሪያው ቤተሰብ የጽሕፈትና የሥርዓት ጠባይ ሲኖረው፣ ሁለተኛው በየዕለቱ ንግግር የሚሠራ ነው። የጋይንት ሕፃን «ዙር» የሚለውን ቃል ከጨዋታ ይማረዋል፤ «ዑደት»ን የሚያውቀው ግን በበዓል ቀን ታቦቱ ከመቅደስ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞርና ሲመለስ ካየው ሥርዓት ነው።

ይህ ልዩነት ለተርጓሚው ትልቅ ሀብት ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚሸከመውን አማርኛ በሁለት ወይም በሦስት ቃላት ሊያከፋፍል ይችላል። የሚያሳዝነው ግን ይህ ሀብት ብዙ ጊዜ እንደ ችግር መታየቱ ነው።

ለ. ዑደት በኤሌክትሪክ ትምህርት

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተብሎ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው መሥሪያ ቤት ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት አቻ በመፈለግ የከፈለው ድካም ከፍ ያለ ነው። ሥራው በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ፍሬ አፍርቷል። ከዚህ ጥረት በፊትም ሆነ በኋላ ለኤሌክትሪክ ሰርኪት «ዑደት» የሚለውን ቃል የመረጡ ጸሐፊዎች በመሠረቱ አልተሳሳቱም። ታቦቱ ከመቅደስ ወጥቶ ወደ መቅደስ እንደሚመለስ ሁሉ ኮረንቲም ከባትሪው አንድ ጫፍ ተነሥቶ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ ይመለሳል። መመለስ የሌለበት ጉዞ ዑደት አይባልም፤ መመለሻ የሌለው ሽቦም አምፖል አያበራም።

ሆኖም በአጠቃቀሙ ላይ ቢያንስ ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ጉድለት «ዑደት» በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ሌላ ሥራ አስቀድሞ የያዘ መሆኑ ነው። የውሃ ዑደት፣ የሕይወት ዑደት፣ የካርቦን ዑደት የሚሉት ሐረጎች በትምህርት ቤት የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ቃሉ በጊዜ ውስጥ እየተደጋገመ የሚመላለስን ሂደት እንጂ በቦታ ላይ የተዘረጋን መንገድ አያመለክትም። ሁለቱ ፍቺዎች ተራርቀው እስከቆዩ ድረስ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ግን ችግሩ ይገለጣል። በአገራችን ለቤቶች የሚታደለው ኮረንቲ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ይህንን መምህሩ በመጽሐፍ አማርኛ ሲያስረዳ «በዑደቱ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ዑደት አለው» ለማለት ይገደዳል። የመጀመሪያው ዑደት መንገዱ፣ ሁለተኛው ዑደት ምልልሱ መሆኑን ተማሪው በምን ሊያውቅ ይችላል?

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው። ይህም በእንግሊዝኛው አባባል ተመርቶ «ዝግ ዑደት» እና «ክፍት ዑደት» ማለት ነው። በሳይንሱ አነጋገር ዑደቱ ዝግ ሲሆን ኮረንቲ ያልፋል፤ ክፍት ሲሆን ይቋረጣል። በአማርኛ ተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ግን ነገሩ በትክክል የተገላቢጦሽ ነው። መንገድ ተዘጋ ማለት ማንም አያልፍም ማለት ነው። ሬዲዮ ክፈት የተባለ ልጅ ድምፅ እንዲሰማ ያደርጋል፤ ዝጋው የተባለ ፀጥ ያሰኘዋል። ቧንቧም እንደዚሁ ሲከፈት ይወርዳል፤ ሲዘጋ ይቆማል። እንግዲህ ከቤቱ፣ ከመንገዱና ከቧንቧው ይህንን የተማረ ልጅ «ዝግ ዑደት» የሚል ሲያነብ ኮረንቲ የሌለበት መሥመር አድርጎ ቢረዳው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ይህ ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ በማስቀነስ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ወጥቶ ለጥገና የተሰማራ ወጣት «መሥመሩ ዝግ ነው» ሲባል በዕለት ተዕለት አማርኛ ተረድቶ እጁን ቢዘረጋ፣ ሊነካ የሚችለው 220 ቮልት ያለበትን ሽቦ ነው። ተናጋሪው በመጽሐፉ ቋንቋ ትክክል ነው፤ ሰሚውም በእናቱ ቋንቋ ትክክል ነው፤ በሁለቱ ትክክል መካከል ግን ሰው ሊሞት ይችላል። የስያሜ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ይህንን ለማስወገድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «የገጠመ ዑደት» እና «የተቋረጠ ዑደት» ማለት ይበቃል። ሕዝቡ ራሱ መብራት ሲጠፋ «ተቋረጠ» ስለሚል ሳይንሱና ንግግሩ በአንድ ቃል ይገናኛሉ።

ሦስተኛው ጉድለት «አጭር ዑደት» በሚለው ቃል በቃል ትርጉም ላይ ይታያል። አደጋው የሚመጣው መንገዱ በክንድ ሲለካ አጭር ስለሆነ አይደለም። ኮረንቲው ሥራ በሚሠራበት ዕቃ ማለፍ ሲገባው ያንን ትቶ እጅግ አነስተኛ ተቃውሞ ባለበት መንገድ ስለሚመለስና መጠኑ ከልክ በላይ ስለሚሆን ነው። በከተማም በገጠርም ሰዉ ለዚህ «ሾርት አደረገ» ወይም «ኮንታክት» የሚሉ ቃላት አሉት፤ በዜና የሚነገረውም የእሳት ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ ቃላት ይገለጻል። መጽሐፉ የታወቀውን ቃል ንቆ የማይታወቀውን ከማስገባት ይልቅ፣ የታወቀውን ተቀብሎ ምን ማለት እንደሆነ ቢያብራራ ይሻል ነበር። «አቋራጭ» የሚለው ቃል ሐሳቡን በሚገባ የሚያሳይ ቢሆንም ከ«ተቋረጠ» ጋር አንድ ግንድ ስላለው አዲስ መደናገር ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ኮረንቲም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። ኮረንቲን በጅረት መመሰል የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ለደቡብ ጎንደር ተማሪ ጅረት ማለት ሄዶ የማይመለስ ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ እንጂ ወደ ጉና አይወጡም፤ በሽሎም ስማዳን ከወሎ እየለየ ወደ ዐባይ ይወርዳል። በዚህ ምሳሌ የተማረ ልጅ ኮረንቲ ከባትሪው ፈሶ በአምፖሉ ውስጥ ያልቃል ብሎ ቢያስብ የሚገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኒው ዚላንድና በሌሎችም አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህ «አምፖሉ ኮረንቲውን ይበላዋል» የሚል እምነት በየአገሩ ባሉ ተማሪዎች ዘንድ የሚገኝ ነው። በእውነቱ ግን በአንድ መሥመር በተያያዘ ዑደት ከአምፖሉ በፊት 0.2 አምፔር የሚያልፍ ከሆነ ከአምፖሉ በኋላም የሚያልፈው 0.2 አምፔር ነው።

ለዚህ የሚሆን የተሻለ ምሳሌ በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ዳር ይገኛል፤ እርሱም ዐውድማው ነው። ስሙ ራሱ ከዑደት ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ገብሱ ወይም ጤፉ ሲበራይ በሬዎቹ ዙሪያውን ይሄዳሉ። በነዶው ላይ ያለፉት በሬዎች ቁጥራቸው አይጎድልም፤ የገቡት ያህል ይወጣሉ። የሚለወጠው ነዶው ነው። በሬዎቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ነጂው ሲሆን፣ አንዱ በሬ ቢቆም ተከታዮቹ ሁሉ ይቆማሉ። ነጂው ባትሪው፣ በሬዎቹ ኮረንቲው፣ ነዶው አምፖሉ ነው ቢባል ተማሪው ኮረንቲ ሳያልቅ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በቀላሉ ይረዳል። ምሳሌው ወሰን አለው፤ በሬዎቹ ይደክማሉ፣ የቤት ኮረንቲም እንደ በሬዎቹ በአንድ አቅጣጫ የሚዞር አይደለም። ቢሆንም ለመጀመሪያ ትምህርት ከጅረት እጅግ ይሻላል።

ሐ. ዙር በስፖርት ትምህርት

በስፖርት በኩል የሚታየው ችግር ከላይኛው የተለየ ነው። በኤሌክትሪክ ትምህርት አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲይዝ፣ በስፖርት ደግሞ «ዙር» የሚለው ቃል ሁሉንም ነገር ይይዛል። በ400 ሜትር መም ላይ 10,000 ሜትር ለመሮጥ 25 ዙር ያስፈልጋል፤ ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያሸንፍ ሕዝቡ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ዙር ነው። በእግር ኳስ የዓመቱ ውድድር በመጀመሪያና በሁለተኛ ዙር ይከፈላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የተካሄደው በዙር ነበር። እነዚህ ሁሉ በዘልማድ የተለመዱ ስለሆኑ ማንንም አያደናግሩም።

መደናገሩ የሚጀምረው በሰውነት ማጎልመሻ መጻሕፍት ውስጥ «ሰርኪት ትሬኒንግ» የተባለው የአሠራር ዘዴ ሲገባ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሞርጋንና በአዳምሰን የተዘጋጀ ነው። በዚህ ዘዴ በሜዳው ላይ የተወሰኑ ጣቢያዎች ይመደባሉ፤ በአንዱ ጣቢያ በክንድ መነሣት፣ በሌላው ከእግር በላይ ያለውን ሰውነት ማንሣት፣ በሦስተኛው ገመድ መዝለል ይደረጋል። ተማሪዎቹ ተከፋፍለው በሁሉም ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ምልክት ሲሰጥም ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አንዱ የጡንቻ ክፍል ሲሠራ ሌላው እንዲያርፍ ጣቢያዎቹ በጥንቃቄ ይደረደራሉ።

ብዙ ተማሪ በጠባብ ቦታና በጥቂት መሣሪያ ለማሠራት የሚያስችል በመሆኑ ይህ ዘዴ ለገጠር ትምህርት ቤት እንደ ተፈጠረ ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን በአማርኛ «የዙር ልምምድ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ፣ መጽሐፉን የሚያነብ መምህር «ሦስት ዙር» የሚለውን ትእዛዝ ሜዳውን ሦስት ጊዜ መሮጥ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ያን ጊዜ የዘዴው ፍሬ ነገር፣ ማለትም የጣቢያዎቹ አደራደርና የጡንቻዎች መፈራረቅ፣ ጠፍቶ ትምህርቱ ወደ ተራ ሩጫ ይለወጣል። «የጣቢያ ልምምድ» ተብሎ ቢሰየም፣ ሁሉንም ጣቢያ አንድ ጊዜ ማዳረስ ብቻ «ዙር» ቢባል፣ ሁለቱ ሐሳቦች ተለያይተው ይቀመጡ ነበር።

ሌላው የስፖርት ፍቺ የውድድሮች ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2009 የጎልደን ሊግ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የዳይመንድ ሊግ የተባሉት ውድድሮች አትሌቱ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ የሚሳተፍባቸው ናቸው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሮጦ እስከ 2020 ድረስ የጸናውን የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ፣ በመሙ ላይ 25 ዙር ዞሯል፤ ውድድሩ ራሱ ደግሞ የጎልደን ሊግ ሰንሰለት አንዱ ክፍል ነበር። ለሁለቱም እንግሊዝኛው «ሰርኪት» ቢል ያስኬደዋል። በአማርኛ ግን የመጀመሪያው ዙር፣ ሁለተኛው የውድድር ሰንሰለት ነው፤ እንዲለያዩ መተውም ይገባል።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ለወገዳ ሰው እንግዳ አይደለም። በጋይንትና በስማዳ ነጋዴው ገበያ የሚውልባቸውን ቀኖች እየቆጠረ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ይጓዛል፤ የታች ጋይንት ዋና ከተማ ዓርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ የሳምንት ሥርዓት ነው። የቆሎ ተማሪም ጉዞው የዚሁ ዓይነት ነው። ድጓውን በጋይንት ቤተ ልሔም ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ ይወጣል፤ ለሌላው ትምህርት ሌላ አገር ይሻገራል። በየቦታው የሚማረው የተለየ ሲሆን ሙሉ ሊቅ የሚሆነው ሁሉን ሲያዳርስ ነው። ለአንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የጣቢያ ልምምድን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

መ. በትምህርት አስተዳደር

ለፕላን አውጭዎች የሚሆን አንድ ነጥብ አለ። በጋና የትምህርት አስተዳደር ውስጥ አንድ ሱፐርቫይዘር የሚከታተላቸው ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት «ሰርኪት» ሲባሉ ኖረዋል። እንዲህ ያሉ የውጭ ሰነዶች ለውይይት ሲተረጎሙ ቃሉን «ዑደት» ማለት ትርጉም የለሽ ያደርገዋል፤ በአገራችን ለዚህ ሐሳብ የቀረበው ቃል «ጉድኝት» ነውና። «ጉድኝት» ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርስ ያላቸውን ጓደኝነት ሲያመለክት፣ «ሰርኪት» የሚያመለክተው የሱፐርቫይዘሩን ዙረት ነው። አንዱ መረዳዳትን፣ ሌላው ቁጥጥርን ያስቀድማል። ተርጓሚው ይህን ልዩነት ካላየ የሌላውን አገር ልምድ ሳይመረምር የራሱ ያደርገዋል።

ሠ. የሁለቱ ወገኖች ክርክር

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተሳሰቦች ሲፎካከሩ ይታያሉ። አንደኛው ወገን ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ስለሚማር «ሰርኪት» የሚለው ቃል ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንዳለ ይግባ ይላል። ክርክሩ ተግባራዊ ጠቀሜታ አለው። ይልቁንም ቃሉ የመዞርን ሐሳብ በተወበት ቦታ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1958 ጃክ ኪልቢ ከሠራው ወዲህ በተስፋፋው የተዋሐደ ሰርኪትና በስልክ ጠጋኞች ዘንድ «ቦርድ» እየተባለ በሚጠራው ገበታ ላይ፣ ዑደት ማለት ብዙም አይረዳም። እዚያ ቃሉ የሚያመለክተው መዞርን ሳይሆን የብዙ ጥቃቅን ክፍሎችን ቅንብር ነው። ጉድለቱ ግን ባዶ ድምፅ ለልጅ መስጠቱ ነው። «ሰርኪት» የሚለው ቃል ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ መመለስ አንዳች አይነግረውም፤ «ዑደት» ግን ትምህርቱን ግማሽ መንገድ ያደርስለታል።

ሁለተኛው ወገን ለእያንዳንዱ የውጭ ቃል አንድ ቋሚ የግዕዝ አቻ ይኑር ባይ ነው። ይህም ለቋንቋው ካለው ፍቅር የመነጨ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። ስሕተቱ የሚተረጎመው ቃሉ ሳይሆን ሐሳቡ መሆኑን መዘንጋቱ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል አንድ መሆኑ በእንግሊዝኛ ታሪክ የተፈጠረ አጋጣሚ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ያንን አጋጣሚ ወደ አማርኛ ማዛወር ቋንቋውን አያበለጽገውም፤ ይልቁንም የነበረውን ልዩነት ያስጥለዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሁሉ የሚከተሉት ሐሳቦች ይወጣሉ።

1ኛ/ ለኤሌክትሪክ መንገድ «ዑደት» ተስማሚ ስለሆነ ይጽና፤ በጊዜ ለሚደጋገመው የኮረንቲ ሂደት ግን «ምልልስ» የሚለው ቃል ቢለይለት ሁለቱ አይጋጩም።

2ኛ/ «ዝግ» እና «ክፍት» የሚሉት ቅጽሎች ከኤሌክትሪክ ትምህርት ወጥተው «የገጠመ» እና «የተቋረጠ» ይተኩ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈጸም የሚገባው ይህ ነው።

3ኛ/ በሰውነት ማጎልመሻ «የጣቢያ ልምምድ»፣ በስፖርት ዜና «የውድድር ሰንሰለት»፣ በአስተዳደር «ጉድኝት» ወይም «የተዘዋዋሪ ቁጥጥር ክልል» እንደየሐሳቡ ይሠራባቸው።

4ኛ/ «ሰርኪት» በተዋሐደ ሰርኪትና በመሳሰሉት እንዳለ ይቀመጥ፤ በታችኛው ክፍል መጻሕፍትም ከአማርኛው አጠገብ አንድ ጊዜ ይጠቀስ።

የትምህርት መጻሕፍት አዘጋጆች አንድን ስያሜ ከማጽደቃቸው በፊት ከከተማ ርቆ በሚገኝ ክፍል ውስጥ ቢፈትኑት ብዙ ስሕተት በረቂቁ ላይ ይቀር ነበር። ሙከራው ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ «ዝግ ዑደት ውስጥ መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ብሎ የወገዳን ተማሪዎች መጠየቅና መልሳቸውን መቁጠር ብቻ ነው። ብዙዎቹ «ጠፍቷል» ካሉ መታረም የሚገባው መጽሐፉ ነው።